የሩሲያን ድርሰት በእንግሊዝኛ በኩል እስከ መቼ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአገራችን ሩሲያኛ ሲነሳ ቋንቋው የውጭ ትምህርት ዕድል ማግኛ ብቻ ሆኖ መታየቱ ስለሚያሳስበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። እኔ ራሴ በደርግ ዘመን ወደ ኪየቭ ተልኬ፣ እኛ «ፖድፋክ» እንለው በነበረው የመሰናዶ ፋኩልቲ አንድ ዓመት ሩሲያኛ ተምሬ፣ ከዚያም ምሕንድስና ያጠናሁ ሰው ነኝ። በቋንቋው ሒሳብም ፊዚክስም ሠርቼበታለሁ፤ ስለ ቋንቋው ግን ተምሬ አላውቅም። ከገጠር መጥተው ገበያ ላይ አትክልት የሚሸጡት እናቶች የሚነጋገሩት ዩክሬንኛ መሆኑን እንኳ የተረዳሁት ዘግይቼ ነበር። ሩሲያኛ፣ ዩክሬንኛና ዘመዶቻቸው፣ ማለትም የስላቭ ቋንቋዎች፣ ከ10 በላይ ሆነው ሳለ፣ እኛ አገሩንም ሕዝቡንም «ራሽያ» ብለን ጠቅልለነዋል።

እነዚህን ቋንቋዎች ከነሥነ ጽሑፋቸውና ከነባህላቸው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማጥናት ያስፈልጋል የምለው ለቅንጦት አይደለም። ሩሲያኛ፣ ልክ እንደ አማርኛ፣ ለቅርብ ሰው «ቲ»፣ ለሚከበር ሰው ደግሞ «ቪ» ይላል። በድርሰቶቻቸው ውስጥ ሁለት ሰዎች ከ«ቪ» ወደ «ቲ» የሚሻገሩበት ቅጽበት አንዳንዴ የፍቅር፣ አንዳንዴም የንቀት ምልክት ነው። ድርሰቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ሁለቱ አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ የሚመልሰውም ተርጓሚ «አንተ» ይበል ወይስ «እርስዎ» በግምት ይወስናል። በግሡም እንዲሁ ነው፦ «ቺታል» ያለ ሰው ሲያነብ ነበር፤ «ፕራቺታል» ካለ ግን አንብቦ ጨርሷል። አማርኛ ይህን ሁሉ ያለ ችግር መሸከም ይችላል፤ ነገር ግን ጭነቱ በሌላ አገር ዞሮ ሲመጣ እየተንጠባጠበ ነው።

ከዚህም የጠለቀ ጉዳይ አለ። ቄርሎስና መቶድዮስ የተባሉት ወንድማማቾች በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ከግሪክ የተረጎሙበት የጥንቱ ስላቭኛ፣ በኋለኛው መልኩ፣ እንደ ግእዝ ሁሉ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። (በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ሩሲያኛ የሚጻፍበት ፊደል በቄርሎስ ስም ይጠራ እንጂ እሳቸው የቀረጹት ፊደል ሌላ ነበር።) መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ከእርሱ የተለየው «ሁለተኛ ሄኖክ» የሚባለው መጽሐፍ ደግሞ በሙሉነት የተገኘው በስላቭኛ ቅጂዎች ነው። ሁለቱን በግእዝና በስላቭኛ ጎን ለጎን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ቢኖረን ምን ያህል በተጠቀምን ነበር!

የስላቭ አገሮች ሊቃውንት በበኩላቸው አንብበውናል። በፒተርስበርግ ቦሪስ ቱራየቭ የቅዱሳኖቻችንን ገድላት ከግእዝ አጥንተዋል፤ በዋርሶ ስቴፋን ስትሬልሲን የኢትዮጵያን ጥናት አስተምረዋል። ከእኛም ወገን፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ተወስደው በሩሲያ ተምረዋል። ከእርሳቸው በኋላ በሺህ የምንቆጠር ሰዎች ብንሄድም አብዛኞቻችን የተመለስነው ሐኪም፣ መሐንዲስና መኮንን ሆነን ነው።

«ተመራቂው የት ይቀጠራል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ትምህርት ክፍል ይከፈት አልልም። የሥነ ልሳን ወይም የግእዝ ተማሪ ከዋናው ትምህርቱ ጎን ሁለት ዓመት ሩሲያኛ፣ ቀጥሎም ፖላንድኛን ወይም ቡልጋርኛን የመሰለ ሌላ አንድ ቋንቋ፣ ከዚያም የጥንቱን ስላቭኛ አንድ ሴሚስተር ቢወስድ ለመነሻ ይበቃል። ሰዋስውንና ሥነ ጽሑፍን የሚያስተምር ባለሙያ ከውጭ መጋበዝ ይኖርበታል፤ ለንግግር ልምምድ ግን በሶፊያ፣ በፕራግ፣ በሚንስክና በቤልግሬድ የተማሩ ጡረተኞች በየሰፈሩ አሉ። ዕድሜያችን እየገፋ ስለሆነ ጥሪው ባይዘገይ ጥሩ ነው። እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ጠዋት ምንጊዜም ነጻ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ