ክዳኑ አንቺ ጋ ነው

ሆዴ፣ እንዴት ከረምሽ?

ሦስት ዓመት ሆነን አይደል? አውዳመት በመጣ ቁጥር «ዛሬስ እደውልላታለሁ» እላለሁ። ዶሮው ይወጠወጣል፣ እንግዳው ይገባል ይወጣል፣ ከዚያ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ሰዓት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። በመጨረሻ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። በስልክ አፌን አላምነውም። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ልጅሽን ቆንጠጥ አድርጊው» ስትዪኝ «ሳትወልጂ ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ?» አልኩሽ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። ዝም ስትዪም ሰማሁሽ። ከዚያ ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አፍሬ እንጂ ተናድጄ አልነበረም። ይቅር በዪኝ።

ሌላም የምነግርሽ አለ። ያ ልጅ ሰፌድ እየሰፋ ነው።

አትሳቂ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

አሁን 15 ሞልቶታል። በቁመት በልጦኛል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ የሚናገሩትን ሁሉ እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። ባለፈው ጥቅምት ትምህርት ቤት አንዱን ልጅ አፍንጫው ላይ በቦክስ አለው። «ምን አድርጎህ ነው?» ስለው «ሳቀብኝ» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ። አምስት ቀን ታገደ። እኔም ስልኩን ነጠቅኩት። የመኝታ ቤቱን በር በእርግጫ ብሎ ሰነጠቀው። በሩን እስካሁን አላሠራሁትም፤ አንድም ገንዘቡ ነው፣ አንድም እልህ ነው።

ሌሊት ሌሊት ስለዚህ ዕድሜ ማንበብ ጀመርኩ። ስሜትና ደስታ የሚያሳድደው የአንጎል ክፍል በጉርምስና ቀድሞ ይሞቃል አሉ። «ቆይ፣ አስብ» የሚለው ከግንባር በስተጀርባ ያለው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እየበሰለ ነው የሚሄደው። ነዳጁ ሞልቶ ፍሬኑ ገና እንዳልተገጠመ መኪና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ጎረምሶችን በኮምፒዩተር መኪና የመንዳት ጨዋታ አስቀምጦ ነበር። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ ብቻቸውን ከሆኑበት ጊዜ ይልቅ አብዝተው አደጋ ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ላይ ስደርስ የልጄ ቦክስ ገባኝ። ክፍሉ በሙሉ እያየው ነበራ!

ያን ማርሽማሎ በሚባለው ጣፋጭ የተደረገውን ሙከራ ሳትሰሚ አትቀሪም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋልተር ሚሼል የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ትንንሽ ልጆችን ጣፋጭ ፊት አስቀምጦ «እስክመለስ ከጠበቃችሁ ሁለት ታገኛላችሁ» ያላቸው። መጠበቅ የቻለ ልጅ ኋላ ይቀናዋል ተብሎ ብዙ ተወራለት። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ ልጆች ላይ ሲታይ ግን የቤተሰቡ ኑሮና አስተዳደግ ሲታሰብ ግንኙነቱ በጣም ሳሳ። ይሄ አልገረመኝም። ቤቱ ባዶ የሆነ ልጅ ነገ ይሰጥሃል ቢሉት ለምን ያምናል? ልቤን የነካው ሌላው ነው። የቻሉት ልጆች ጥርሳቸውን ነክሰው አልነበረም የቻሉት። ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ዞረው ተቀመጡ፣ ዘፈኑ። ሐሳባቸውን ሌላ ቦታ አሳደሩት።

እማዬ ይህን ሁሉ ሳታነብ ታውቀዋለች።

በዚያው ሰሞን የዓይኗን ሞራ ልትገፈፍ ከማርቆስ መጥታ ነበር። ወረፋ እስኪደርሳት እጇ መቼ አርፎ ይቀመጣል? ስንደዶዋንና አክርማዋን በፌስታል ቋጥራ ይዛ መጥታለች። መስፋቱንስ በዳበሳ ትሰፋለች፤ ቀለሙን ግን መለየት አልቻለችም። ልጁ ታግዶ ቤት ተጎልቷል፣ ስልክ የለው። «አባቴ፣ እስቲ ቀዩን አቀብለኝ» አለችው። አቀበላት። «አሁን አረንጓዴውን።» እየተነጫነጨ አቀበላት። በሦስተኛው ቀን አክርማውን ጣሳ ውስጥ የሚያርሰው እሱ ሆነ። በአምስተኛው ቀን «ወስፌውን ስጪኝ፣ ልሞክር» ሲል ከማድ ቤት ሰማሁት።

አጀማመሩ እንዴት እንደሚያስቸግር አንቺ ታስታውሻለሽ። ስንደዶው ቁልፍ አክሎ መጠቅለል አለበት፣ አክርማው ይንሸራተታል፣ ወስፌው ጣት ይወጋል። ሦስቴ ጀምሮ ሦስቴ ተፈታበት። በአራተኛው ግድግዳው ላይ ወረወረው። እኔ ለመጮህ አፌን ስከፍት እማዬ እጇን አነሳችብኝ። መሬቱን ዳብሳ አነሳችው፣ በጥፍሯ ፈታችው፣ አክርማውን መልሳ ውኃ ውስጥ ከተተችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጁ ወጥቶ ሄደ። ማታ ከራት በኋላ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እጅህ ሲቆጣ አክርማው ይበጠሳል» አለችው ያኔ። ከዚህ ሌላ ምክር ስትሰጠው አልሰማሁም። እውነቷን ነው። አጥብቀሽ ከሳብሽው ይበጠሳል፣ ከለቀቅሽው ሰፌዱ ይላላል። ደግሞ ዙሩ እየሰፋ በሄደ ቁጥር እያንዳንዱ ካለፈው ይረዝማል። የሁለተኛ ቀን ሰው ይሄን ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። ልጁም ቆርጦ ነበር፤ ሁለት ሳምንት አልነካውም። ማንም ምን ሆንክ አላለው። ከዚያ ራሱ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ወሰድኩት። በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፤ አንቺ ስትሄጂ አልነበረም። ግድግዳው እንደ አያቶቻችን ቤት በጭቃና በጭድ ነው፣ ግን ጭቃው ላይ የወጣውን ቅርጽ አይተሽ አትጠግቢም። ልጁ ግድግዳውን ሲዳብስ ቆየ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ መሆኑን፣ ድሮ ሸራ ላይ በክር እየሰፋ ይሠራ እንደነበር ስነግረው ዞር ብሎ «ወንድ ነው?» አለኝ። «ወንድ ነው» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ይሄ በጀን። ወንድሜን ታውቂው የለ፣ አፉ እንደኔ ነው። ለፋሲካ መጥቶ ልጁን ከነሰፌዱ ሲያየው «ምነው፣ ሴት ሆንክ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሰው ሞልቷል። የልጁ ጆሮ ደም ሲመስል አየሁ፤ ወስፌው እጁ ላይ ነው። ሆዴ፣ ያን ጊዜ ልቤ ቆመ ብልሽ አላጋነንኩም። ያ በር ትዝ አለኝ። ልጁ ቀና ሳይል አንድ አክርማ ከጣሳው አወጣ፣ በሁለት ጣቱ ውኃውን አሟጠጠ፣ ወጋ፣ ሳበ። ከዚያ «ጋሼ፣ ያን አረንጓዴውን ያቀብሉኝ» አለ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አቀበለው! እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መልአክ ሆነ አልልሽም። ባለፈው ሳምንት ሒሳብ ወድቆ ደብተሩን ቀዶታል። ከእኔ ጋርም ገና ነን።

የእማዬ ዓይን ተገፈፈላት፣ ተመስገን። ፋሻው በተነሳ ማግስት የሰፋችውን ሰፌድ ብርሃን ላይ አውጥታ አየችው። «ይሄማ ብርቱካን ነው!» አለች። ለካ ቀዩ አልቆ ኖሮ፣ ሥራዋን ላለማቋረጥ ብሎ ልጁ ዝም ብሎ ብርቱካኑን ሲያቀብላት ከርሟል።

ያንን ካየች ወዲህ የእኛን መሶብ ካላወጣችሁ አለች። በ15 ዓመታችን መስከረም ላይ ጮቄን ወዲያ እያየን ስንደዶ የነቀልንበትን፣ ሣሩ እጃችንን የሸረካከተውን። አውራ ጣትሽን ተወግተሽ ደምሽ ነጩ አክርማ ላይ ፈሶ፣ እናትሽ እንዳታይ በቀይ የሸፈንሽው ዙር አሁንም ከሌላው ወፈር ብሎ ይታወቃል። ልጁ እሱን ዙር በጣቱ ፈልጎ አገኘውና ታሪኩን አስነገረኝ። ከዚያ «ክዳኑስ?» አለ። አንቺ ጋ፣ አሜሪካ፣ ማድ ቤትሽ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነገርኩት። ካልሰቀልሽው ደግሞ እንዳትነግሪኝ።

«ልስፋለት?» አለኝ። «እምቢ፣ ክዳን አለው» አልኩት።

«ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?»

ምን ልበለው?

ያንቺው