ወንዴው የእሳት ራት ዘር ብቻ አይሰጥም

ክቡር አዘጋጅ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ወንዴው የእሳት ራት «ዘሩን ሰጥቶ ይሄዳል፤ የቀረው የእንስቷ ሥራ ነው» ተብሎ ወጥቷል። ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ የሐር ትልም አድጎ የእሳት ራት ስለሚሆን አርቢዎቹን ያሳስታል።

ወንዴው የሚያስረክበው ስፐርማቶፎር የሚባል ከረጢት ሲሆን ዘሩ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር በውስጡ ይታሸጋል። ዩቴታይሳ ኦርናትሪክስ በተባለው የአሜሪካ ዝርያ የከረጢቱ ክብደት የወንዴውን ክብደት 10 በመቶ ያህላል። አባጨጓሬው ክሮታላሪያ የተባለውን ተክል ሲበላ ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መርዝ በሰውነቱ ያከማቻል። ወንዴው አድጎ ሲገናኝ ከዚህ መርዝ ከፊሉን በከረጢቱ ለእንስቷ ይሰጣል፤ እሷም በራሷ መርዝ ላይ ጨምራ ወደ እንቁላሎቿ ታሳልፈዋለች። እንቁላል የሚበሉ ጥንዚዛዎችና ጉንዳኖች የሚሸሹት ለዚህ ነው። እንስቷም ዝም ብላ አትቀበልም። ወንዴው ከሆዱ ጫፍ ሁለት ብሩሽ መሳይ አካሎችን ብቅ አድርጎ ያጥናታል፤ ሽታው ከዚያው አልካሎይድ ስለሚሠራ ምን ያህል መርዝ እንደያዘ ታውቅበታለች።

ግሉፊሲያ ሴፕተንትሪዮኒስ የተባለው የእሳት ራት ደግሞ ሌላ ነው። ወንዴው ኩሬ ዳር ለሰዓታት እየጠጣ ውኃውን በኋላው ይረጨዋል፤ ሶዲየሙን ግን ያስቀራል። ያም ሶዲየም በግንኙነት ወደ እንስቷ፣ ከእሷም ወደ እንቁላሎቹ ይደርሳል።

ዘሩ ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኒውክሊየስ (የሕዋስ አስኳል) ያለው ሲሆን እንቁላል የሚያዳብረው እሱ ነው። ሁለተኛው ኒውክሊየስ የለውም፤ ቁጥሩ ግን በብዛት ይበልጣል። በሐር ትል ይህ ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው እንስቷ ዘር ወደምታከማችበት ቦታ አይደርስም፤ እንቁላሉም ሳይዳብር ይቀራል።

አርቢዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት እዚህ ጋ ነው። እንቁላሉ ካልተፈለፈለ ጥፋቱ የእንስቷ ተደርጎ ዘሯ ይጣላል። ወንዴው ግን በፑፓ ዘመኑ (ከትልነት ወደ እሳት ራትነት በሚለወጥበት ጊዜ) ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ቆይቶ ከነበረ መካን ሊሆን ይችላል። ጥንዶቹን ከ3 እስከ 4 ሰዓት አገናኝቶ ወደ ጎን ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ይገባል፤ ወደ ኋላ መጎተት እንስቷን ይጎዳታል። ወንዴው ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈለግ ከሆነ 5 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ማረፍ አለበት። ሳያርፍ ወዲያው ከተደገመ የሚሰጠው ከረጢት ትንሽ ይሆናል። እንቁላላቸው ቀዝቃዛውን ወቅት አሳልፎ በሚፈለፈል የሐር ትል ዝርያዎች የዳበረ እንቁላል በጥቂት ቀናት ይጠቁራል፤ ያልዳበረው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ቢጫው ከበዛ መጀመሪያ የሚመረመረው ወንዴው ነው።

ከአክብሮት ጋር