የተፈጥሮና ቅርስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ የአዋሽ ዳር ጉዟችን

ክበባችን ዘንድሮም ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲገናኝ ከረመ። በጥቅምት በአጥሩ ጥግ የተከልናቸውን ችግኞች ኮተኮትን፤ በታኅሣሥ የግቢያችንን ወፎች ቆጠርን። ይህን ገጽ ግን ለየካቲቱ የአዋሽ ዳር ጉዞ መስጠት እፈልጋለሁ።

ዩኔስኮ የጥንት ሰዎች አሻራ የሚገኝባቸውን መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። ልጆቹ ክረምቱን ዜናውን ሰምተው ኖሮ፣ መስከረም ላይ ገና ሳንቀመጥ «መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ። አዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው።

ሙዚየሙን ካየን በኋላ አስጎብኚያችን ወደ ወንዙ ይዘውን ወረዱ። በዚህ ዳርቻ ሰውና የሰው ቀደምቶች ወደ 2 ሚሊዮን ለሚጠጉ ዓመታት ሲመላለሱ ድንጋይ ፈልጠዋል፣ የጉማሬ ሥጋ በልተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ከድንጋዮቹ ሁሉ ልጆቹን የማረካቸው ባልጩት ነው። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አያቷ በልጅነታቸው ጠጉራቸውን በባልጩት ይላጩ እንደነበር አጫወተችን።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ሕግ አውጥተን ነበር፦ ምንም አይነሳም። መሬት ላይ ወጥቶ የሚታይ ስባሪ እንኳ የወደቀበት ቦታ ራሱ ለአጥኚዎች መረጃ ነው። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በእግር መንገዱ ዳር ጥቁር ስባሪ ሲያገኝ አልነካውም፤ በሆዱ ተኝቶ በማጉያ መነጽር ተመለከተው። ሰው የፈለጠው መሆኑን በምን እንዳወቀ ጠየቅሁት። «የተመታበት ጋ እብጠት አለው፤ ከዚያ ደግሞ ጠጠር የተጣለበት ውሃ ይመስል ክብ ክብ እያለ ይሄዳል» አለኝ። ጠርዙ በጣም ከመሳሳቱ የተነሣ የፀሐዩን ብርሃን እንደ ጭስ አድርጎ ያሳልፍ ነበር። በክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ያስተማርኩትን ልጁ እዚያ አፈሩ ላይ አነበበው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

መሻገሪያው ላይ ከብቶች ውሃ ይጠጡ ነበር። አስጎብኚያችን እዚሁ አካባቢ፣ ጎምቦሬ በሚባለው ስፍራ፣ ከ700,000 ዓመት በፊት የእሳተ ገሞራ አመድ የሸፈነው የአዋቂዎችና የሕፃናት ዱካ መገኘቱን ነገሩን። ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ እግራቸው ሥር ያለውን ጭቃ ማየት ጀመሩ፦ የላም ኮቴ፣ የእኛ ጫማ፣ የትንሹ እረኛ ባዶ እግር። እረኛውን አስፈቅደው ሜትር ዘረጉ። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት 19 ሴንቲ ሜትር። በክበቡ መዝገብ ላይ ከነቀኑ ሰፍሯል።