የክረምት ትምህርት ማንበብ ላልቻለው ልጅ ይሁን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ሰኔ መገባደጃ ላይ በሐዋሳ ትምህርት ቤቶች በር ላይ «የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከሐይቅ ዳር እስከ ቱላ ድረስ የግሉም የመንግሥቱም ትምህርት ቤት በየአቅሙ ያስተምራል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ቅር የሚያሰኘን በክረምቱ የሚሰጠው ትምህርት ዓይነት ነው። በብዙ ቦታ ሁለቱን ወር የሚሞላው የመጪው ዓመት መጽሐፍ ነው። ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ሐምሌ ላይ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ምዕራፍ አንድን ይጀምርና መስከረም ላይ ያንኑ ምዕራፍ እንደ አዲስ ይማረዋል። የቻለው ልጅ ይሰለቻል። ያልቻለው ደግሞ ማንበብ ያቃተው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይገለጥለታል እንጂ አንዴም አይገባውም።

በአንደኛ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎች የምናስተምር መምህራን ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የክረምቱ ትምህርት በቅድሚያ ማንበብ ላልቻለው ልጅ ይሁን፣ ልጆቹም በክፍላቸው ሳይሆን በሚያነቡት ልክ ይመደቡ።

መደበኛው ዓመት ለዚህ አይመችም። መምህሩ ዓመታዊ ዕቅድ አለበት፣ ምዕራፍ መጨረስ አለበት፣ የፈተናው ቀን ተቆርጧል። ከ60 ልጅ መካከል ፊደል የማይለዩ 12 ልጆች ቢኖሩ እነሱን ይዞ ከሥር የሚጀምርበት ጊዜ የለውም። ክረምት ላይ ግን ዕቅዱም ፈተናውም የለም። ህንድ ውስጥ በቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት መምህራን በእረፍት ጊዜያቸው ወደኋላ የቀሩ ልጆችን ለአንድ ወር ንባብ እንዲያስተምሩ ተደርጎ ነበር፤ የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ። ሥልጠናውና የማንበቢያ ጽሑፉ በመደበኛው ዓመት ብቻውን ሲሰጥ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ጥናቱን ካካሄዱት መካከል እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል።

ያለን ጊዜ ብዙ አይደለም። ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 60 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ልጆቹን ለመለየት የሚሄደው የመጀመሪያ ሳምንትና መጨረሻ ላይ እንደገና የሚለኩባቸው ቀናት ሲወጡ ሰባት ሳምንት፣ ማለትም 35 የትምህርት ቀን ይቀራል። በቀን ሁለት ሰዓት ለንባብ ቢሰጥ 70 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ጾሙን የሚጾሙና የሚያስቀድሱ ልጆች ይደክማቸዋል፣ ቡሄ ሲቃረብም የወንዶቹ ልብ ሆያ ሆዬ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ሁሉ ሐምሌ ላይ ይጀመር፤ የነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለክለሳና ለጥንድ ንባብ ይተዉ። በነዚያ ቀናት አዲስ ትምህርት የጀመረ መምህር ልጆቹ ሲመለሱ እንደገና ያስተምረዋል።

ልጆቹን መለየት ቀላል ነው፤ ግን አንድ በአንድ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፋል፤ የተደባለቁ 10 ፊደላት፣ እንደ ቤት፣ ላም፣ ውሃ ያሉ 10 ቃላት፣ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ ከ8 እስከ 10 ዓረፍተ ነገር ያለው አጭር ታሪክ። ከአንቀጹ ይጀመራል። ልጁ ቃል በቃል ሳይቆራርጥ ካነበበው ወደ ታሪኩ ይሻገራል፤ ካቃተው ወደ ቃላቱ፣ ከዚያም ወደ ፊደላቱ ይወርዳል። ከ10 ስምንቱን ያወቀ ያን ደረጃ አልፏል ይባላል። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ 120 ልጅ በአራት መምህር በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ተራ የሚጠብቁት ድምፅ በማይሰሙበት ቦታ ይቀመጡ፣ ወረቀቱም ሦስት ዓይነት ይሁን። አለዚያ አምስተኛው ልጅ አንቀጹን በቃሉ ይዞ ይመጣና «አነበበ» ተብሎ ይመዘገባል።

ፊደላቱ የግድ መደባለቅ አለባቸው። ብዙ ልጅ ፊደልን የሚያውቀው በዜማ ነው። ት ላይ ጣት ስታደርጉለት ዝም ይልና ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት። በስድስተኛው ይደርሳል። አሁን «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው። በዜማ የሚፈልግ ልጅ ይህን አንድ ቃል ለማንበብ 30 እርምጃ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ት ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ይህን ልጅ ሰነፍ ማለት በደል ነው፤ ሥራ የሚሠራው ከጓደኛው ይልቅ እሱ ነው።

መድኃኒቱ ሳድስን አስቀድሞ፣ ለብቻው ማስጠናት ነው። ካዕብና ሣልስ ሕግ አላቸው፤ ሩና ፉን የመሰሉ ጥቂቶች ሲቀሩ የካዕብ ቅጥያ ቀኝ ወገቡ ላይ፣ የሣልስ ቀኝ እግሩ ላይ ነው። ሳድስ ወጥ መልክ የለውም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን እያንዳንዳቸው ለየብቻ በዓይን መያዝ አለባቸው። ለዚህ ከብስኩት ካርቶን የሚቆረጥ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ካርድ ከታተመ ገበታ ይሻላል። ለአምስት ልጅ 60 ካርድ ይበቃል፤ 15 ሳድስ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ የቀሩት 30 በመንደሩ ቃላት ውስጥ የሚመላለሱ ፊደላት። ሳድሱ በእጥፍ የሚቆረጠው ያለምክንያት አይደለም፤ «ትምህርት»ን ለመሥራት ሁለት ት ያስፈልጋል፣ አንድ ት ብቻ ያለው ቡድን ቃሉን ሳይጨርስ ይጣላል። ካርዱ በፌስታል ታስሮ ይቀመጥ፣ ጠመኔውም ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ። እርጥበት የያዘው ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም።

ቋንቋውም ይታሰብበት። በከተማችን በአማርኛ የሚማር አለ፣ በሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል የሚማርም አለ። በሲዳሙ አፎ የሚጠብቅ ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ ልጁ ያየውን ያነባል። አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «ገና» በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ «ገና ነው» የምንለውም ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ይለካ፤ በአማርኛ ለሚማረውም ነጠላ ቃል ከሁለት ሳምንት በላይ አይበቃውም፣ ቶሎ ወደ ዓረፍተ ነገር ይግባ።

የቀኑ ሰዓት ከ2፡30 እስከ 5፡30 ቢሆን ይመረጣል። ሐዋሳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ተገልጦ ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ማታ ይወርዳል። ይህን የምናነሳው መንገዱ ስለሚጨቀይ ብቻ አይደለም። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ መምህሩ ቢጮህም የኋለኛው ወንበር አይሰማም፤ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር ሁሉ እዚያው ይቆማል። ጠዋት የዘነበ ቀን ድምፅ የማይፈልግ ሥራ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፦ በካርድ ቃል መሥራት፣ ለብቻ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ገበጣ። ለገበጣ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል፤ 30 ጉድጓድ ያለው ካርቶን 5 በ6 ነው፣ ሁለት ረድፍ ሲቆረጥለት 3 በ6 ይሆናል። በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር፣ በድምሩ 54። ልጁ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የት እንደሚያልቅ አስልቶ በጣቱ ያሳይ፤ ይህን ካላደረገ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁለቱ የንባብ ሰዓቶች በኋላ 20 ደቂቃ እረፍት፣ የቀረው 40 ደቂቃ ደግሞ ለሒሳብና ለተግባር ሥራ ነው። እዚህ ላይ ክረምቱ ራሱ መማሪያ ይሁን። ከሁሉ የምንወደው የዝናብ መለኪያ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ሥር ይቆረጥና የላይኛው ክፍል ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገባበታል። ወገቡ የጠበበ ወይም የተቦረቦረ ሃይላንድ አይሆንም፤ ስፋቱ በተለዋወጠ ቁጥር ሚሊ ሜትሩ ይዋሻል። የሃይላንድ መቀመጫ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ይደረግበትና ጎኑ ቀጥ ብሎ እስከሚጀምርበት ድረስ ውሃ ይሞላል፤ ዜሮ የሚጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ይሰመራል። ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ በድንጋይ ተደግፎ ይቆማል፣ በየቀኑ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ይነበባል። የተለመደው ስህተት ካነበቡ በኋላ ሁሉንም መድፋት ነው፤ መደፋት ያለበት እስከ ዜሮው ብቻ ነው። ፀሐይ በዋለበት ቀን ደግሞ ውሃው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ማታ ይሞላ።

አሁን ሒሳቡ ይመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ወለሉ 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ጣሪያ 56 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 560 ሊትር ይወርድበታል፣ ይህም 28 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ልጆች ቆርቆሮውን በተዳፋቱ መለካት ይፈልጋሉ፤ የሚለካው ግን ከሥሩ ያለው መሬት ነው፣ ዝናቡ የሚያውቀው እሱን ነው። ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ልጅ 28 ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ መምህሩ ሊያስረዳው አያስፈልግም። የየቀኑ ንባብ ማኒላ ወረቀት ላይ በአሞሌ ግራፍ ይሣል፤ አማካይ፣ ልዩነት፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚባሉት ሁሉ ከዚያ ይወጣሉ።

የጓሮ አትክልት የሚሠራ ትምህርት ቤት ከጎመን ይልቅ ቆስጣን ይምረጥ። ጎመን ከመደብ ወደ መደብ ሲዛወር ክረምቱ ያልቅበታል፤ ሐምሌ መጀመሪያ በቀጥታ የተዘራ ቆስጣ ግን ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ይቀጠፋል። መደቡ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝናብ የሚተኛበት መደብ ላይ ችግኙ ከግንዱ ሥር እየሟሸሸ ይወድቃል። ወርዱ ከአንድ ሜትር አይለፍ፣ ትንሽ ልጅ መሃሉን ሳይረግጥ እንዲደርስበት። ዘሩ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ አይቀበር።

ዓርብ ዓርብ ግቢው ይዞር። ጎማ፣ ጣሳ፣ የተጣለ ባልዲ፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ሁሉ ይደፋ ወይም ይደፈን። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚበቃት ሳምንት መዝለል አይቻልም። ከጣሪያ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜልም በጨርቅ ወይም በወንፊት ይሸፈን። ወደ ሐይቁ የሚወጣ ጉዞ ጥሩ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ የተባለውን ትልቅ ወፍ መቁጠርና ያዩትን በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ የአንድ ሳምንት ትምህርት ይሆናል። ለ10 ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ማለዳና አመሻሽ ጉማሬ ወደ ዳር ስለሚወጣ ሰዓቱ ረፋድ ይሁን፤ ማንም ልጅ ውሃው ውስጥ እግሩን አይንከር። የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ላይ ቢልሃርዝያ መገኘቱ በጥናት የታወቀ ነው።

ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ ከባዱ ነው። ከመንግሥት መምህራን ብዙዎቹ ክረምቱን በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የክረምት መርሐ ግብር ራሳቸው ተማሪ ሆነው ያሳልፋሉ። ክፍተቱን የሚሞሉት ለእረፍት የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ በበጎ ፈቃድ። ልባቸው ሙሉ ነው፤ ነገር ግን የሚያውቁት አስተማሪ ቆሞ ሲናገር ስለሆነ ፊደል ለማይለይ ልጅም ሌክቸር ይሰጣሉ። ሦስት ቀን ይሠልጥኑ፤ አንዱን ቀን በመለያው ወረቀት፣ ሁለቱን በካርዱና በጥንድ ንባብ። ሥልጠናው ሰኔ መጨረሻ ላይ ካልተሰጠ ሐምሌ አጋማሽ ይደርሳል፣ ከ35ቱ ቀን አሥሩ ይሄዳል። ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ከ20 ልጅ በላይ አይሰጥ። የወላጅ መምህር ኅብረትም ከሸቀጥና ከሊስትሮ ሥራ ለማይላቀቁት ልጆች ቤት ለቤት ይሂድ፤ ጠዋት ተምረው ከሰዓት በኋላ ቢሠሩም እንኳ ከመቅረት ይሻላል።

ነሐሴ ማብቂያ ላይ ያው መለያ በሌላ አንቀጽ ይደገምና ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ካርድ ይሞላ፤ ሐምሌ ላይ የነበረበት ደረጃ፣ አሁን ያለበት፣ ገና የሚያደናግሩት ፊደላት፣ የቀረባቸው ቀናት ብዛት። ካርዱ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፋይል ውስጥ አይቅር፤ መስከረም ላይ ልጁን የሚረከበው መምህር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት በእጁ ይግባ።

ከሠላምታ ጋር
የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን
ሐዋሳ