ለልጄ፦ ስለ አራተኛው ጥያቄ

ውድ ልጄ፣

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኞችህ መጥተው ሳሎን ውስጥ ስትጫወቱ እኔ ከጎን ባለው ክፍል ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ላዳምጣችሁ ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ድምፃችሁ ግን ግድግዳ የሚያግደው አልነበረምና የተባባላችሁትን ሁሉ ሰማሁ። አብራችሁ የመጣችው ልጅ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ እንደምትወድ፣ የሱፐርሂሮ ታሪኮችንም ከትንሽነቷ ጀምሮ እንደምታነብ ስትናገር አንተ ወዲያው ጥያቄ ጀመርክ። የመጀመሪያውን መለሰች፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም መለሰች። በአራተኛው የኮሚክ ጀግናዋ ዎንደር ውመን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችበትን እትም ቁጥር ጠየቅካት፤ እሱን ስታጣው ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ ከጓደኞችህም አንዱ «ፊልሙን ብቻ ነው ያየችው» አለ። እዚያው መካከላችሁ አንድ አዲስ ወንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር። እሱ ከፊልሞቹ በቀር አንድም መጽሐፍ አንብቦ እንደማያውቅ በራሱ አፍ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እሱን ግን ማንም አልፈተነውም፤ እንዲያውም ከየትኛው ቢጀምር እንደሚሻለው ተሻምታችሁ መከራችሁት።

ያን ጊዜ ገብቼ ያልተናገርኩት በጓደኞችህ ፊት ላሳፍርህ ስላልፈለግኩ ነው። ከዚያም በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ስከፍት የሚወጣው ቁጣ ብቻ እየሆነ አስቸገረኝ። ስለዚህ መጻፍን መረጥኩ። በተራዬ ልፈትንህ እንዳልተነሣሁ ግን አስቀድሜ ልንገርህ፤ የምትወደው ነገር በማን እጅ እንደተሠራ እንድታውቅልኝ ስለፈለግኩ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌልሃለሁ።)

የእትሙን ቁጥር ታውቀዋለህ፤ 8 ነው፣ ዓመቱም 1941። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዚያው ዓመት፣ ከዎንደር ውመን ወራት ቀደም ብሎ፣ ሚስ ፊውሪ የምትባል ጭምብል ለባሽ ጀግና በጋዜጣ ላይ ትወጣ ነበር። የፈጠረቻትና የሣለቻት ጁን ታርፔ ሚልስ ስትሆን፣ ሴት መሆኗን እንዳያሳብቅባት «ጁን» የሚለውን የመጀመሪያ ስሟን ትታ በተቀረው ብቻ ትፈርም ነበር። እንዲህ ያለ ኃይለኛ ታሪክ የሴት ሥራ መሆኑ ቢታወቅ አንባቢዎቹ ልጆች ቅር ይላቸዋል ብላ ታስብ ነበርና። ዎንደር ውመንን ከፈጠረው ከዊልያም ማርስተን ጋር በ1944 ታሪኮቹን መጻፍ የጀመረችው ደግሞ ጆይ ሃምል የምትባል ገና ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ተማሪው ነበረች። እስከ 1947 ድረስ ከሰባ በላይ ድርሰቶችን ጻፈች፤ በመጽሐፎቹ ላይ የታተመው ስም ግን ማርስተን ይጠቀምበት የነበረው የወንድ የብዕር ስም ነው። በሙያው ሰዎች ፊት ቆማ ሽልማቷን የተቀበለችው በ2018፣ በ94 ዓመቷ ነው። ይህን ሳነብ ደስታም ኀዘንም ተሰማኝ፤ ሰባ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

በገጹ ላይ ያለችው ጀግናም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። ዎንደር ውመን በ1942 የጀግኖቹ ማኅበር ውስጥ ስትገባ የተሰጣት ሹመት ጸሐፊነት ነበር። ከብዙዎቹ በኃይል የምትልቅ ሆና ሳለ፣ ወንዶቹ ወደ ጦርነት ሲዘምቱ እሷ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ቤት ትቀር ነበር። በኮሚክ መጽሐፍ ላይ እሷን ለመሣል የመጀመሪያዋ ሴት ትሪና ሮቢንስ ስትሆን፣ ያም የሆነው በ1986 ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ነው። ስለ አድናቂዎቹ ደግሞ ልንገርህ፤ ቅዳሜ ዕለት እንደ በር ጠባቂ የቆምከው በአድናቂነት ስም ነበርና። ባለፈው ዓመት ልብሱን እንድሰፋልህ ስንት ሌሊት እንዳስመሸኸኝ ታስታውሳለህ። ያ ኮስፕሌይ የምትሉት፣ እንደ ገጸ ባሕርያቱ የመልበስ ልማድ መነሻው በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ነው። እዚያ ሁለት ሰዎች የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ፤ አንደኛው ፎረስት አከርማን፣ ሁለተኛዋ ሚርትል ዳግላስ። ሁለቱንም ልብሶች ነድፋ የሰፋችው እሷ ነበረች። ለብዙ ዘመን ሲነገርለት የኖረው ግን እሱ ነው። ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሊቋረጥ በተቃረበ ጊዜም፣ ከ1967 እስከ 1968 በመላ አሜሪካ የሚገኙ ተመልካቾች ደብዳቤ እንዲጽፉ ያስተባበረችው ቢጆ ትሪምብል ከባለቤቷ ጋር ሆና ነው። የጣቢያው ሰዎች ከደብዳቤው ብዛት የተነሣ ሦስተኛው ዙር መቀጠሉን በቴሌቪዥን አስታውቀው፣ ሰዉ መጻፉን እንዲያቆም ለመኑ። ሥራው ለብዙ ዓመታት በድጋሚ ሊታይና ትውልድ ሊያፈራ የበቃው ያ ሦስተኛ ዙር ስለተጨመረለት ነው። ለስታር ትሬክ ብቻ የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን የአድናቂዎች መጽሔት በ1967 ያሳተሙትም ሁለት ሴቶች ናቸው። በጃፓንም ቢሆን፣ ዛሬ በዓለም ትልቁ የሆነው የኮሚክ አድናቂዎች ገበያ በ1975 በቶኪዮ ሲጀመር ከመጡት ወደ 700 ከሚጠጉ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ተማሪ ልጃገረዶች ነበሩ።

ታዲያ ሴት ልጅ በዚህ ዓለም እንግዳ መስላ መታየቷ ከየት መጣ ብትለኝ፣ ምክንያቱ አንድ ባይሆንም ዋና አድርጌ የማየው የመሸጫውን ቦታ መለወጥ ነው። ቀድሞ ኮሚክ የሚሸጠው ከጋዜጣና ከመጽሔት ጋር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ስፍራ ነበር፤ ለሴቶች ታስበው የሚታተሙ ታሪኮችም እጅግ ብዙ ነበሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሽያጩ ቀስ በቀስ ኮሚክ ብቻ ወደሚሸጡ ልዩ ሱቆች ተዛወረ፣ ለልጃገረዶች የሚታተሙትም ተመናመኑ። አሳታሚዎቹ ሱቆቹን የሚያዘወትሩትን ወንዶች እያዩ ለእነሱ ብቻ ማሳተም ጀመሩ፤ ሱቆቹም የሚታተመውን እያዩ ለእነሱ ብቻ ተዘጋጁ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው «ሴቶች ድሮም አያነቡም» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም፤ ያየው ይህንኑ ነውና።

እኔም የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ ለምን እንዳልነገርኩህ አሁን ሳስበው በቂ ምክንያት አጣለሁ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ ወደ አንድ የኮሚክ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ለወንድምሽ ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና ልክ አንተ እንዳደረግከው መጠየቅ ጀመረ፤ በዚያ የነበሩት ደንበኞችም ዙሪያዬን ቆመው ያዳምጡ ነበር። እኔ የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ። ስጨርስ አንዱ «ማን አስጠናሽ?» አለኝ። ገንዘቤን እንደጨበጥኩ ወጣሁ፤ ወደዚያ ሱቅ ዳግመኛ አልተመለስኩም፣ ማንበቡንም ተውኩት። ፈተናውን ወድቄ ቢሆን ኖሮ አጥንቼ ለመመለስ እሞክር ይሆናል። የጎዳኝ ማለፌ ምንም እንዳልለወጠ ማየቴ ነው። መጽሐፎቼን በካርቶን አሽጌ ለብዙ ዓመታት አልነካኋቸውም። መልሼ የከፈትኳቸው አንተ አምስት ዓመት ሲሞላህ፣ እንቅልፍ ሲያስቸግርህ ሥዕሎቹን እያሳየሁ ላነብልህ ብዬ ነው። ልጅቷን ያሸነፍክበትን ያን ቁጥርም መጀመሪያ የሰማኸው ከእኔ ነው።

ስለ ታሪኮቹ ይዘትም አንድ ነገር ልጨምር፤ አንባቢ ሆነህ ሳታስተውለው እንዳይቀር እሰጋለሁና። በ1994 በወጣ አንድ እትም ላይ ግሪን ላንተርን የተባለው ጀግና ፍቅረኛ ተገድላ ሬሳዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ፤ የሞተችውም እሱ እንዲቆጣና እንዲበቀል ነው። ጌይል ሲሞን የምትባል አንባቢ በ1999 እንዲህ ለወንዱ ታሪክ ማገዶ ሲባል የተገደሉ፣ የተደፈሩ፣ ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴት ገጸ ባሕርያትን ዘርዝራ አወጣች። ዝርዝሩ እጅግ ረጅም ነበር፤ ደራሲዎቹም መልስ ለመስጠት ተገደዱ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷ ባትገርል በሚል ስም የምትታወቀው ጀግና ባርባራ ጎርደን ናት፤ በ1988 በጥይት ተመትታ እግሮቿ ሽባ ሆኑ። ደራሲዋ ኪም ዬል ግን ይህ የባርባራ መጨረሻ እንዲሆን አልፈቀደችም፤ ከባለቤቷ ከጆን ኦስትራንደር ጋር በ1989 ኦራክል በሚል ስም መለሰቻት፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና የጀግኖች ሁሉ የመረጃ ምንጭ የምትሆን፣ ማንም የማይተካት ሴት አደረገቻት። በኋላ ያቺው ጌይል ሲሞን ራሷ የኦራክልን ታሪኮች ለዓመታት ጻፈች፤ ከ2007 ጀምሮም የዎንደር ውመን ደራሲ ሆነች። ከአንባቢነት ተነሥታ ነው እዚያ የደረሰችው፤ በር ላይ የሚያስቀራት ቢያጋጥማት ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር አስበው።

በ2015 የአቬንጀርስን ፊልም አብረን ካየን በኋላ ሴቷ ጀግና ብላክ ዊዶው ከአውሮፕላኑ በሞተር ብስክሌት የወረደችበትን መጫወቻ እንድገዛልህ ለምነኸኝ ነበር። ሣጥኑን ስንከፍተው ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ወንዱ ጀግና ካፒቴን አሜሪካ ነበር፤ አንተም «እሷ የታለች?» አልከኝ። ያኔ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀህ ነበር፤ እኔ ግን ሲሸጡ ተሳስተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስህተት አልነበረም። ሴት ጀግና ያለበት መጫወቻ አይሸጥም የሚል እምነት ስለነበር ነው እሷን አውጥተው እሱን ያስቀመጡት። በዚያው እምነት የተነሣ ብላክ ዊዶው በ1964 የተፈጠረች ሆና ሳለ በስሟ የተሠራው ፊልም የወጣው በ2021 ነው።

እውቀትህን እንድትደብቅ አልጠይቅህም። የምትወደውን ነገር እስከ ዝርዝሩ ማወቅህ ያኮራኛል፤ ስለ እሱ ሌሊት ሙሉ ስትከራከር መስማትም እወዳለሁ። ሴት የምትመራው ፊልም ሁሉ ደስ ሊያሰኝህ ይገባል የሚልም ሐሳብ የለኝም፤ ደካማ ሥራን ደካማ ማለት ትችላለህ። ነገር ግን አንድን ሥራ መንቀፍ አንድ ነገር ነው፤ ተዋናይዋ ኬሊ ማሪ ትራን በስታር ዎርስ ፊልም ውስጥ በመጫወቷ ብቻ በመልኳና በዘሯ ላይ የወረደባት ስድብ በ2018 ከማኅበራዊ ሚዲያ እስክትሰወር ድረስ ያደረሳት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የአንተ ጥያቄ ከዚያ ጋር እኩል ነው ማለቴ አይደለም። የሁለቱም መነሻ ግን ይህ ቤት የእኛ ነው፣ እሷ እንግዳ ናት የሚለው ሐሳብ ነው፤ አንተን ደግሞ በዚያ ሐሳብ አላሳደግኩህም።

ልጅቷ በችኮላ ስትወጣ መጽሐፏን ሶፋው ላይ ረስታው ሄዳለች። የማን እንደሆነ ለማየት ስገልጠው የካማላ ካን ታሪክ ሆኖ አገኘሁት፤ ራሷ የጀግኖች አድናቂ የሆነችው፣ ስለ እነሱም በራሷ እጅ ታሪክ የምትጽፈው ልጅ ታሪክ። በየገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ሥዕሉ ለምን እንደዚያ እንደተከፈለ፣ ቀለሙ የት ላይ እንደተለወጠ ማስታወሻ ተጽፎበታል። ሁለት ገጽ አንብቤ ዘጋሁት፤ የእኔ አይደለምና። እኔ ልመልስላት እችል ነበር፤ ነገር ግን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ፣ አንተ ራስህ ወስደህ ስጣት። ካርቶኑም አልጋዬ ሥር ነው፤ ከፈለገች የወደደችውን መርጣ ትዋስ።

እናትህ