አይቲው ሌሊት የለም

ውድ አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሳይበር ጥቃት ዜና በወጣ ቁጥር አብሮት የሚወጣ ፎቶ አለ። ኮፍያ ያጠለቀ፣ ፊቱ የማይታይ ሰውዬ ጨለማ ውስጥ ኪቦርድ ይነካካል። ሰውዬውን እስኪሰለቸኝ አይቼዋለሁ። ከእሱ ወዲህ ተቀምጦ ሲስተሙን የሚጠብቀውን ሰው ፎቶ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ለነገሩ ብትፈልጉትም አታገኙትም። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ የለም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራውም እዚያው አካባቢ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «የአይሲቲ ባለሙያ» ይላል። ሰው የሚጠራኝ «አይቲው» ብሎ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ አይቲው። ፕሮጀክተር አልበራ ሲል አይቲው። የሥራ አስኪያጁ ልጅ የታብሌቱ ፓስወርድ ሲጠፋውም አይቲው። የሥራ ዝርዝሬ 14ኛ ተራ ላይ «የሲስተሙን ደህንነት ይጠብቃል» የምትል መስመር አለች። ከሷ በታች ያለችው «በአለቃው የሚሰጡትን ሌሎች ሥራዎች ያከናውናል» ናት።

የምጽፍላችሁ ስለዚህች 14ኛ መስመር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት «ኢንተርኔቱ ይጎተታል» ተባልኩና የሰርቨሩን ሎግ ከፈትኩ። ሎግ ማለት ማን መቼ ገባ፣ ምን ነካ የሚለው የሚጻፍበት መዝገብ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የምከፍተው ችግር ሲመጣ ብቻ ነበር። እያወረድኩ ሳይ አንድ ስም ዓይኔን ያዘው። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት። ሐሙስ 23፡14 ላይ ገብታለች ይላል። ልጅቷ ግን አራስ ናት፤ 40 ቀኗም አልሞላ። ምናልባት የቀራት ሥራ ይኖር ይሆናል ብዬ ደወልኩላት። «ወንድሜ፣ እንኳን ኮምፒውተር ልከፍት ፀጉሬንም አላበጠርኩ» አለችኝ። ከኋላ ሕፃኑ ያለቅሳል። ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁት።

ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርቨሩን የተከለው ሰው ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው የሞላው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ ሐሙስ 23፡14 የሚለው እዚህ በፈረንጅ ሰዓት ዓርብ 02፡14 ነው። በእኛ ደግሞ ሐሙስ ለዓርብ፣ ከሌሊቱ 8፡14። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ «ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው የገቡት» ብዬ ስጀምር «ሁለት ሰዓትማ ጽዳቶቹ አሉ» ብለው አቋረጡኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት መስሏቸው ነው። አልፈርድባቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ካሜራውን እንይ ተባለ። የካሜራው መቅጃ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ከጥር 1 ቀን 2000 እንደ ፈረንጆቹ እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል። በቃ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ያዳነን የጥበቃው የጋሼ መዝገብ ነው። ጫፉ በታጠፈ ደብተር ላይ በቢክ «ሐሙስ ሌሊት 7 ሰዓት መብራት ሄደ። 8 ሰዓት መጣ። ሁሉም ሰላም ነው» ብለው ጽፈዋል። እንግዲህ መቅጃው ከዜሮ የጀመረው 8 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። ካሜራው ላይ 00፡14 የሚለውን ፈልጌ ከፈትኩ። ክፍሉ ጭር ብሏል፤ ሰው የለም። የገባው ከውጭ ነው ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት ሰዓት፣ ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ አንድ ቢክ። ይህን ሳሰላ ቀኑ አለቀ፤ በመሃል ፕሪንተሩ ሦስት ጊዜ አስጠርቶኛል። የልጅቷ ፓስወርድ የስልክ ቁጥሯ ነበር። አካውንቱን ዘጋን፣ የሁሉንም ፓስወርድ ቀየርን። ማን እንደገባ ግን ዛሬም አላውቅም።

በኢንተርኔት ብዙ ኮርስ ተከታትያለሁ። ስለ ሁለት ሰዓትና ስለ ስምንት ሰዓት፣ መብራት ሲሄድ ካሜራው ስለሚሳሳተው ቀን የነገረኝ አንድም የለም። ይህ እኛው ሠርተን፣ ተሳስተን፣ በእኛው ቋንቋ ጽፈን ለተከታዩ ልጅ የምናስተላልፈው ሙያ ነው። ሐኪምም ሆነ ኤሌክትሪሺያን እንደዚያ ነው የሚያድገው። እኛ ዘንድ ግን ሰውየው ሥራ ሲለቅ እውቀቱም አብሮት በታክሲ ይሄዳል።

ፕሪንተሩን ንቄ አይደለም ደግሞ። የባንግላዴሽን ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ የሰማ ሰው ፕሪንተር አይንቅም። ጥር 27 ቀን 2008 ዓርብ ነበር፣ እነሱ ዘንድ የዕረፍት ቀን። ሌቦች ሌሊቱን በባንኩ ስም ኒውዮርክ ወዳለው ሒሳቡ የክፍያ ትዕዛዝ ልከዋል፤ ድምሩ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። እያንዳንዱን ዝውውር የሚያትመው ፕሪንተር ጠዋት ሲታይ አይሠራም። ተረኞቹ የተለመደው የፕሪንተር ብልሽት መሰላቸው። 81 ሚሊዮን ዶላር ማኒላ ገብቶ ቀረ። ሌላ 20 ሚሊዮን የተረፈው የተቀባዩ ስም ላይ በነበረ የፊደል ስህተት ነው። እኔ ታዲያ በሳምንት ስንት ጊዜ ነው «ፕሪንተር ነው፣ ይደርሳል» የምለው?

አጥቂ ሳይኖርም ቢሆን ሌሊት የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓርብ ሌሊት ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን፣ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጣበትን፣ ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የሲስተም ችግር ነው ብሏል። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እስኪወጣ ድረስ ግን ብዙ ተማሪ ዶርሙ ውስጥ ሆኖ አውቆታል።

ሰፈሬ ውስጥ «ሀኪንግ አስተምረን» ያሉኝ ልጆች ሦስት ናቸው። ባክአፕ፣ ማለትም የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ አስተምረን ያለኝ የለም። አንዱን ልጅ እሺ ብዬ ቁጭ አድርጌ፣ ባዶ ሃርድ ዲስክ ሰጥቼ «ይህ ድርጅት ዛሬ ጠዋት ፋይሉ በሙሉ ተቆልፎበታል፣ ከባክአፑ መልስና ነገ 2 ሰዓት ከፍተን እንሥራ» አልኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ ባክአፑ ራሱ ከስድስት ወር በፊት መቆሙን አገኘ። ፊቱን ባያችሁት! ከዚያ ወዲህ ሀኪንግ አላነሳብኝም። አሁን «ባክአፑ ሠርቷል?» እያለ እኔን ይጨቀጭቀኛል።

በ2016 ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ፣ አንድሮይድና ኤአይ ይዞ መጣ። ደስ ይላል። የሚሠራውን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቀው ግን አልታሰበበትም። የመንግሥቱ የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት ኢንሳ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ እሱ ግን የአገሪቱን ትልልቅ በሮች ነው የሚጠብቀው፣ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥቶ የእኛን ጓዳ ሊያይልን አይችልም።

ሕጉም ቀድሞናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ሲደፈር፣ ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ ይላል። ካወቃችሁበት! ታዲያ ሎጉን የሚያይ ሰው ያልቀጠረ ድርጅት መቼም አያውቅም፣ ሰዓቱም አይጀምርለትም። አለማየት አዋጭ ሆነ ማለት አይደል? ደግሞም ተደፈርን ማለት ነውር ነው። ደንበኛው መስኮት ላይ ሲመጣ መብራትም ይሁን፣ ኬብልም ይሁን፣ ሌባም ይሁን መልሱ አንድ ነው፦ «ሲስተም የለም»።

የምለው ብዙ አይደለም። 14ኛዋ መስመር ራሷን የቻለች መደብ ትሁን፤ የራሷ ደረጃ፣ የራሷ ደመወዝ፣ የሌሊት አበል ይኑራት። ትንሽ ድርጅት ብቻውን አይችልም ይሉኛል፣ እውነት ነው። የምኖርበት ብሎክ ግን ጥበቃ የቀጠረው እንዴት ነው? ከየቤቱ እየተዋጣ ነው። አምስት ስድስት ድርጅቶች አዋጥተው አንድ ቡድን ቢቀጥሩ፣ ሎጋቸው አንድ ቦታ ቢሰበሰብና ተረኛ ቢያየው ምን ይከለክላል? የመሥሪያ ቤታችን ጋሼ ጠዋት ተራቸውን ሲያስረክቡ ደብተሩ ላይ ይፈርማሉ፣ ተረካቢውም ይፈርማል። እኔ የማስረክበው ሰው የለኝም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤቴ ስሄድ ሲስተሙን ለፈጣሪ ነው የምሰጠው።

ከዚያ ሰኞ በኋላ «የሰርቨር ሰዓት ሲደመር 3 የፈረንጅ፣ ከዚያ ሲቀነስ 6 የእኛ» ብዬ በትልቁ አትሜ ሰርቨሩ አጠገብ ለጥፌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስገባ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ፕሪንተሩ ሥር አገኘሁት። እንዳይነቃነቅ አራት አጥፈው ደግፈውበታል።

አክባሪያችሁ
«አይቲው»፣ ከቱሉ ዲምቱ