ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ጦርነትን በጨዋታ ማስተማርን የሚያጠና አንድ ሰው ይመደብልን

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ለአድዋ ድል መታሰቢያ

ጉዳዩ፦ በጦርነት ሙዚየሞቻችን ውስጥ የጨዋታን ጥቅምና ጉዳት ለሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ ሙሉ ወጪ እንዲሸፈን ስለመጠየቅ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩ የእኔና የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጁን ይዞ ሙዚየም የገባ ወላጅ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የአድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ ሲመረቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለዓመታት በጠመኔ ስስለው የኖርኩትን ነገር ተማሪዎቼን ወስጄ ላሳያቸው ነው። ወሰድኳቸውም። ሐውልቶቹ ፊት ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ ተገረሙ፣ ወጡ። በነጋታው ክፍል ገብቼ "ምን አያችሁ?" አልኳቸው። "አሸነፍን" አሉኝ። "እንዴት?" ስላቸው ዝም። አንዱ ብቻ ከኋላ "በጀግንነት!" አለ።

ልክ ነው፣ በጀግንነት ነው። ግን ልጆቹ ያላዩት ትልቅ ነገር አለ። ነገሩ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነበር። የምኒልክ ጦር መቶ ሺህ ግድም ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው የሚመግብ ስንቅ ግን እያለቀ ነው። ትንሽ ቀን ቢጨመር ጦሩ ተነስቶ ይሄዳል። የጣሊያን ጦር አዛዡ ባራቲየሪ ደግሞ ከ18 ሺህ የማይበልጥ ሰውና 56 መድፍ ይዞ ሳውሪያ ላይ ተቀምጧል። የእሱም ስንቅ እያለቀ ነው። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል። ጄኔራሎቹም "እንግጠም" ይሉታል። ሁለቱም ወገን ሌላኛው ቀድሞ እንዲመጣ እየጠበቀ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ጥበቃ ነው።

ይህን በቃል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ይጽፉታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል።

አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ሞከርኩ። ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ የአድዋን ተራሮች ሳልኩ። ከሰፈር ሱቅ ቆርኪ ለቀምኩ፤ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ለእኛ፣ የኮካ ቆርኪ ለጣሊያን። ስንቁ ሽምብራ ነው። በየዙሩ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ፍሬ ይነሳል። ለጣሊያኖቹ ቡድን የሰጠሁት ካርታ ላይ ደግሞ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ሆን ብዬ ከቦታው አዛውሬ ሳልኩት። የታሪኩ እውነት ይኸው ስለሆነ ነው። የጣሊያኖቹ ንድፍ ካርታ ኮረብታውን የተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጦት ነበር። ጄኔራል አልበርቶኒ በሌሊት እየተጓዘ ካርታው ያለው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ "እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው" አሉት። ቀጠለ። ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብቻውን ቆሞ ነበር።

አልበርቶኒን የሚጫወተው ልጅ ቆርኪዎቹን እየገፋ እየገፋ ሄደ። ዞር ሲል ከጎኑ ማንም የለም። "ቲቸር፣ ሸወዱን እኮ! ካርታው ውሸት ነው!" ብሎ ጮኸ። እኔም "እነሱም እንዲሁ ነው የሆኑት" አልኩት። ያን ቀን ያየሁትን ፊት አልረሳውም።

በእኛ በኩል የነበረችው ልጅ ደግሞ ሽምብራዋን ቆጥራ ቀና አለች። "አራት ነው የቀረን። አራት ቀን ካልመጡ ምንም ሳንዋጋ ወደ ቤት ልንሄድ ነው?" ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ "ሰው ልከን ስንቃቸው አልቋል፣ ተበትነዋል ብናስወራስ?" አለ። ጣሊያኖቹን በሐሰት ወሬ ያታለለውን ባሻ አውዓሎምን ገና አላስተማርኳቸውም ነበር። ልጁ ከራሱ አመጣው። በነገርኳቸው ጊዜ ስሙን ማንም ደብተሩ ላይ አልጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለጋቸውም።

ጨዋታና ጦርነት አብረው መሄዳቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጉግስ የፈረሰኛ ውጊያ ልምምድ ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ እንኳ ከሌላው ዓለም የሚለየው "ወረራ" በሚባለው መክፈቻው ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጦር ሲከት ማን ተራ ይጠብቃል? አባቶቻችን ይህን በጨዋታ ያውቁት ነበር። የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልካቸው ላይ ፐብጂ ሲጫወቱ ያመሻሉ። እዚያ የሚማሩት መተኮስ ብቻ ነው። ስንቅ የለም፣ ውሃ የለም፣ የሚለቀስለት ሰው የለም።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው "እንግዲያው ሙዚየሙ ውስጥ ጨዋታ ይግባ፣ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?" ሊል ይችላል። እኔም እንዲያ እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሁለተኛው ጨዋታ ነው።

ከአድዋው ቀጥሎ የመቀሌውን ከበባ አዘጋጀሁ። እቴጌ ጣይቱ እንዳ ኢየሱስ ላይ በመሸጉት ጣሊያኖች ላይ ውሃውን ያስያዙበት ታሪክ ነው። የተሠራው ሥራ ብልሃት ነው፤ ምሽጉ በመጨረሻ በውሃ ጥም ተለቀቀ። ምኒልክም ሰዎቹ ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ፈቀዱ። "ለምን ፈቀዱ?" የሚለው ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ያከራክራል። ካርታውን ዘረጋሁ። በውሃ ፈንታ ሰማያዊ ክር አስቀመጥኩ። ምሽጉ ውስጥ ላሉት ተራ በተራ ክሩ ይቆረጥባቸዋል።

ምሽጉ ውስጥ ከመደብኳቸው አንዱ በቅርቡ ወደ ትምህርት ቤታችን የተዛወረ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሦስተኛው ክር ሲቆረጥ ቆርኪዎቹን ሰብስቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ቲቸር፣ ይሄን እኔ አልጫወትም" አለኝ። ወጣ። በኋላ ግቢው ውስጥ አግኝቼው ጎኑ ተቀመጥኩ። ከጦርነት የተፈናቀለ ልጅ ነው። ውሃ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ግን "እርስዎ ምን አጠፉ?" አለኝ። ይህ ነው የባሰ ያመመኝ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ነው። እነዚያን ዓመታት በዓይናቸው ያዩ ልጆች ዛሬ በየክፍሉ አሉ። እኔ የ1888ቱ ጦርነት መቶ ሠላሳ ዓመት ግድም ስላለፈው ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጥም አያረጅም።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ አስቡት። የሟቾቹ አጽምና ፎቶ እዚያ ነው። ያን ዘመን ታስረው ያሳለፉ ሰዎች ራሳቸው አስጎብኝተውበታል። እዚያ ቤት ውስጥ ነጥብ የሚቆጥር ጨዋታ ማስገባት ነውር ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻም። ግን አንድ ልጅ ከአንዲት እናት ደብዳቤና ከአንድ እስረኛ ቃል ተነስቶ፣ ማንም ሳያሸንፍ፣ የጠፋን ሰው ዱካ የሚከተልበት ነገር ቢሠራስ? ይህን አላውቅም። በግምት መልስ ለመስጠትም አልደፍርም።

በሌላ አገር ጥያቄው ቀደም ብሎ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ጎብኚዎች ግቢው ውስጥ በስልካቸው ፖኪሞን ጎ እንዳይጫወቱ እስከ መለመን ደርሶ ነበር። በሌላ በኩል ለንደን ያለው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2023 የቪዲዮ ጨዋታዎች ጦርነትን እንዴት እንደሚያሳዩ የሚመረምር ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቷል። በእንግሊዝ ሙዚየምና ዩኒቨርሲቲ አንድን የዶክትሬት ተማሪ በጋራ የሚያማክሩበት፣ ወጪውን ደግሞ የመንግሥት የምርምር ምክር ቤት የሚችልበት አሠራር አለ። ተማሪው ከጎብኚዎቹ ጋር ይውላል። የጻፈው መደርደሪያ ላይ አይቀርም፤ ሙዚየሙ ይሠራበታል። የምለምነው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። ለአራት ዓመት ኑሮው ይሸፈንለት፤ የትርፍ ሰዓት ማስተማርና የቤት ኪራይ ሳያባክነው ይሥራ። አማካሪዎቹ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ከሙዚየም ይሁኑ። ጦርነት ያዩ ልጆች በሚሳተፉበት ቦታ ሁሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ አብሮ ይኑር፤ እኔ ያለ ባለሙያ ገብቼ ምን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። ፒያሳ ያለውን፣ መስቀል አደባባይ ያለውን፣ ስድስት ኪሎ የካቲት 12ን የሚዘክረውን ሐውልት ጭምር ይይ። ጨዋታዎቹን በወረቀት፣ በቆርኪ፣ በሽምብራ ይሞክራቸው። መብራት የሌለበት ትምህርት ቤትም ሊጠቀምበት ይገባል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ታትሞ እንዳይቀር፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ መምህራን እጅ ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ጥናቱ ሳያልቅ ለሶፍትዌር ሥራ ጨረታ አይውጣ። ስክሪን መግጠም ቀላል ነው፤ ሲመረቅም ያምራል። እዚያ ስክሪን ፊት የሚቆመው ልጅ ማን እንደሆነ ግን ቀድሞ የጠየቀ ሰው መኖር አለበት።

ከመቀሌው ጨዋታ የወጣው ያ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የአድዋውን ጨዋታ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፤ ባሻ አውዓሎምን መሆን ይወዳል። የመቀሌውን ካርታ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። የምትመድቡት ሰው ሲመጣ አብረን እንዘረጋዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ አዲስ አበባ